ለቤት ሳውንድ ሲስተም የትኛው ገመድ ይሻላል? ወፍራሙ፣ ቀጭኑ፣ ኦፕቲካሉ ወይስ ኤችዲኤምአይ

ስፒከርና አምፕ (ድምጹን የሚያጎላው አምፕሊፋየር) ሲገዛ ሁሉም ሰው ይመራመራል፣ ጓደኛ ይጠይቃል፣ ዩቲዩብ ያያል፣ ገመድ ላይ ሲደርስ ግን ሁለት አይነት ሰው ነው ያለው፦ አንዱ ከካርቶኑ ውስጥ የወጣችውን ክር የምታህል ሽቦ ሳሎኑን ሙሉ ይዘረጋትና "ስፒከሩ ባስ የለውም" ይላል፣ ሌላው ደሞ ባለሱቁ "ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ጫፉ ወርቅ ነው" ስላለው ብቻ የግማሽ ስፒከር ዋጋ ከፍሎ ይወጣል። ሁለቱም ተበልተዋል። ገመድ የሚመረጠው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ ስንት ሜትር እንደሆነና ጫፉ ላይ ያለው እቃ ምን እንደሚፈልግ ታይቶ ነው፣ ዋጋው ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜም ውድ አይሆንም።

አንድ ነገር መጀመሪያ እንለይ። ቤት ውስጥ ያሉት ገመዶች ስራቸው አንድ አይደለም። ከአምፕ ወደ ስፒከር የሚሄደው ኃይል ይሸከማል፣ ስለዚህ ወሳኙ ውፍረቱ ነው። ከስልክ፣ ከላፕቶፕ ወይ ከዲሽ ሪሲቨር ወደ አምፕ የሚሄደው ቀይና ነጭ ጃክ ያለው ገመድ ደሞ የሚሸከመው በጣም ትንሽ ሲግናል ነው፣ ውፍረት አያስፈልገውም፣ የሚያስፈልገው ከውጭ ከሚመጣ ጫጫታ የሚከልለው ሽፋን ነው። ኤችዲኤምአይና ኦፕቲካል ደሞ ቁጥር ነው የሚያስተላልፉት፣ ቁጥሩ ወይ ደረሰ ወይ አልደረሰም፣ በቃ። ሻጩ "ይሄ ኤችዲኤምአይ ድምጹን ሞቅ ያደርገዋል" ካላችሁ ሱቁን ቀይሩ።

የስፒከር ገመድ፦ ውፍረት፣ ርዝመትና ኦም

ብዙ ልዩነት የሚሰማው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። የተለመደው መመዘኛ የገመዱ ሬዚስታንስ (ኮረንቲውን የሚይዘው ተቃውሞ፣ በኦም የሚለካው)፣ ሄዶ መመለሱ ተደምሮ፣ ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ስፒከራችሁ 8 ኦም ከሆነ እስከ 0.4 ኦም፣ 4 ኦም ከሆነ እስከ 0.2 ኦም ማለት ነው። የስፒከሩን ኦም ከጀርባው በተለጠፈችው ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ፣ እና አንድ ነገር ልብ በሉ፣ በአንድ ካርቶን ተጠቃለው የሚሸጡት ሆም ቲያትሮች ብዙዎቹ ስፒከራቸው 3 ወይም 4 ኦም ነው፣ ስለዚህ ወፍራም ገመድ የሚፈልጉት እነሱ ሆነው ሳለ ካርቶኑ ውስጥ ደሞ ቀጭኗን ገመድ የሚከቱትም እነሱ ናቸው።

አሁን እናስላው። ኋላ የሚቀመጠው ስፒከር ከአምፑ በግድግዳው ዙሪያ ሲለካ 10 ሜትር ይርቃል እንበል፣ ሄዶ መመለሱ 20 ሜትር ሽቦ ነው። ባለ 0.2 ካሬ ሚሊ ቀጭን ገመድ ብታደርጉ በሜትር 0.084 ኦም አካባቢ ስላለው 20 ሜትሩ ወደ 1.7 ኦም ይመጣል። በ4 ኦም ስፒከር ላይ ይሄ ማለት ስፒከሩ ጋ የሚደርሰው ኃይል በግማሽ ወረደ ማለት ነው። በግማሽ! ሰውየው 100 ዋት ብሎ የገዛው እቃ ኋላ ያለው ስፒከር ላይ 50 ሆነ። ያንኑ ርቀት በባለ 1.5 መዳብ ብትሄዱ 0.24 ኦም ነው፣ ለ8 ኦም ስፒከር አሪፍ ነው፣ ለ4 ኦም ትንሽ ያልፋል። ባለ 2.5 ከሆነ 0.14 ገደማ ነው፣ ለሁለቱም ምንም አይልም።

ነገሩ የድምጽ መቀነስ ብቻ ቢሆን ቮልዩም ጨምረን እንገላገል ነበር። ግን የስፒከር ኦም አንድ ቦታ ቆሞ አይቀመጥም፣ ከባስ ወደ ቀጭን ድምጽ ሲሄድ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ቀጭን ገመድ አንዱን ድምጽ ከሌላው አብልጦ ይቀንሰዋል፣ አምፑም ዉፈሩን (ባሱን የሚያወጣውን ትልቁን ስፒከር) በደንብ መቆጣጠር ስለሚያቅተው ባሱ ይልከሰከሳል። "ባሱ ቦርጫም ሆነ" ብሎ ኢኳላይዘር ሲነካካ የሚውል ሰው አንዳንዴ ገመድ ነው መቀየር ያለበት።

ስለዚህ በእጅ የሚያዝ ልኬት ከፈለጋችሁ እንዲህ ያዙት፣ 8 ኦም ስፒከር ከሆነና ርቀቱ እስከ 8 ሜትር ከሆነ ባለ 0.75 ይበቃል፣ እስከ 15 ሜትር ባለ 1.5 ይበቃል፣ ከዛ በላይ ባለ 2.5። 4 ኦም ከሆነ በግማሹ አስቡት፣ ባለ 0.75 እስከ 4 ሜትር፣ ባለ 1.5 እስከ 8 ሜትር፣ ባለ 2.5 እስከ 13 ሜትር ገደማ። የኔ ምርጫ ግን ለሳሎን ዝም ብሎ ባለ 2.5 ገዝቶ መገላገል ነው፣ የዋጋው ልዩነት ያን ያህል ስላልሆነና ነገ ስፒከር ብትቀይሩ ገመዱ ስለማያስቸግራችሁ። ከ2.5 በላይ መሄድ ለተራ ሳሎን ትርፉ ድካም ነው፣ አንዳንድ ስፒከር ማሰሪያ ቀዳዳው ራሱ አያስገባውም።

መዳብ ነው ወይስ መዳብ የተቀባ?

ውፍረት ብቻ አይታችሁ እንዳትሸወዱ። ገበያ ላይ ካሉት ግልጽ ፕላስቲክ ከለበሱት፣ መዳቡ ከውጭ እያብለጨለጨ ከሚታየው የስፒከር ገመዶች ውስጥ ብዙዎቹ ውስጣቸው አሉሚኒየም ሆኖ ከላይ ስስ መዳብ የተለበጠባቸው ናቸው። አሉሚኒየም ኮረንቲ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ወደ 60 በመቶ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ባለ 1.5 የተለበጠ ገመድ የሚሰራው እንደ ባለ 1 መዳብ ነው። አይሰራም አላልኩም፣ በርካሽ ከተገዛና አንድ ቁጥር ወፍሮ ከተገዛ ይሰራል፣ ችግሩ በመዳብ ዋጋ ሲሸጥላችሁ ነው። ደሞ ሁለት ሶስቴ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፣ ጫፉ ላይም እያደር ዝገት ይይዘዋል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ከጫፉ አንድ ሳንቲም ሜትር ላጡና ከክሮቹ አንዷን ለይታችሁ በምላጭ ጀርባ ፈቅ ፈቅ አድርጓት። ቀዩ ተፍቆ ነጭ ብረት ብቅ ካለ አሉሚኒየም ነው። ቀይ ሆኖ ከቀረ መዳብ ነው። ተገላቢጦሹም አለ፣ ከላይ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ውስጡ ቀይ የሚወጣ ገመድ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው፣ እሱ ጥሩ እቃ ነው፣ ቀለሙን አይታችሁ እንዳትጥሉት። ሌላው ደሞ ክብደት ነው፣ መዳብ ከአሉሚኒየም ከሶስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፣ ጥቅልሉን አንሱት፣ ወፍራም ሆኖ እንደ ላባ ከቀለለ ገባችሁ አይደል።

"ከኦክስጅን ነጻ መዳብ" የሚል ጽሁፍ ላይ ብዙ ብር አታውጡ። ተራው የኤሌክትሪክ መዳብ ንጽህናው 99.9 በመቶ ነው፣ ከኦክስጅን ነጻ የሚባለው 99.95 ነው፣ በማስተላለፍ አቅም ልዩነታቸው 1 በመቶ አካባቢ። ብር ራሱ፣ ማለት ብሩ ብረቱ፣ ከመዳብ የሚበልጠው 5 ወይ 6 በመቶ ነው፣ ያንን ልዩነት ገመዱን ትንሽ በማወፈር ታገኙታላችሁ። ግን "ከኦክስጅን ነጻ" የሚለው ጽሁፍ አንድ ጥቅም አለው፣ እውነት ከሆነ ቢያንስ አሉሚኒየም አይደለም ማለት ነው።

የስፒከር ገመድ የተባለውን ልግዛ ወይስ የመብራት ገመድ?

ይሄ ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ እንኳን እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ) ድረስ አብዛኛው ሰው ስፒከሩን የሚያገናኘው በተራ የመብራት ገመድ ነበር፣ ልዩ የስፒከር ገመድ የሚባለው ገበያ የደራው ኖኤል ሊ የተባለ ሰው በ1979 ሞንስተር ኬብል የሚባለውን ድርጅት ካቋቋመ በኋላ ነው። ከዛ ነገሩ ጣሪያ ነካ። በ2007 ጄምስ ራንዲ የተባለው አሜሪካዊ አስማተኛ ከ7 ሺ ዶላር በላይ የሚሸጥ የስፒከር ገመድ ከተራ ገመድ በጆሮው ብቻ ለይቶ ለሚያሳይ 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ አለ፣ ፈተናው ሳይካሄድ ቀረ፣ ብሩንም የወሰደ የለም።

እና መልሱ፣ አዎ፣ ከኤሌክትሪክ እቃ መሸጫ የሚገዛው ሁለት በ2.5 ፍሌክሲብል ገመድ ለስፒከር ምንም አይጎድለውም። አንዳንዴ እንዲያውም ግልጽ ፕላስቲክ ከለበሰው የተሻለ መዳብ አለው፣ ለምን ብትሉ ለኮረንቲ ስለሚሰራና አሉሚኒየም ከሆነ ስለሚሞቅ ገዢው ይጠነቀቃል። ሶሊዱ፣ አንድ ደረቅ ሽቦ ያለው በግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው፣ ድምጹን በደንብ ያስተላልፋል ግን ስፒከሩን ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ይታጠፍና አንድ ቀን ማሰሪያው ጋ ቀጭ ይላል፣ ስለዚህ ተዉት።

የመብራት ገመድ ስትጠቀሙ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፣ ጫፉ ላይ የመብራት ወንዴ ሶኬት አታድርጉበት። ከስፒከር ወደ አምፕ በሶኬት የሚያገናኝ ሰው አለ፣ ለመንቀል ይመቻል ብሎ። ልጅ ወይ ሰራተኛ ግድግዳው ላይ ሲሰኩት 220 ቮልት ስፒከሩ ውስጥ ገባ ማለት ነው፣ ስፒከሩ ቢቀር እሳት ነው። ባዶውን ጫፍ ጠምዝዞ ማሰር ወይ ባናና የሚባለውን ጫፍ ማድረግ ይበቃል። ባናና ድምጽ አያሻሽልም፣ ምቾት ነው፣ የላላች አንዲት ክር ወጥታ ፕላሱንና ማይነሱን እንዳታነካካ ይከላከላል፣ ያቺ አንዲት ክር ናት ብዙ አምፕ ያቃጠለችው።

ፕላስና ማይነስ ካነሳን፣ ገመድ ስትመርጡ ሁለቱ ሽቦ የሚለይበት ምልክት ያለው ይሁን፣ ወይ ቀለም ወይ በአንዱ ላይ የተሰመረ መስመር። አንዱን ስፒከር ገልብጣችሁ ካሰራችሁት ምንም አይቃጠልም፣ ግን ሁለቱ ስፒከሮች አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ባሱ ይጠፋል፣ የዘፋኙ ድምጽም ከመሃል መምጣቱ ቀርቶ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ምልክት በሌለው ገመድ የተዘረጋ ቤት ከገባችሁ አንድ ተራ 1.5 ቮልት ድንጋይ ያዙ፣ ገመዱን ከአምፑ ንቀሉና ሁለቱን ጫፎች ለአፍታ ድንጋዩን አስነኩ፣ የዉፈሩ ወረቀት ወደ ውጭ ብቅ ካለ የድንጋዩ ፕላስ የነካው ሽቦ ፕላስ ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ትዊተር (ቀጭኑን ድምጽ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር) ላይ አትሞክሩት፣ ለዉፈር ነው።

ደሞ "የግራውና የቀኙ ገመድ እኩል ካልሆነ ድምጹ አንዱ ጋ ቀድሞ ይደርሳል" የሚሉ አሉ። ሲግናል በገመድ ውስጥ በሰከንድ 200 ሺ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው፣ 3 ሜትር ልዩነት የሰከንድ ቢሊዮንኛ 15 ያህል ነው። ጭንቅላታችሁን አንድ ሳንቲም ሜትር ወደ ጎን ብታደርጉ ከዛ ከሺ እጥፍ በላይ የበለጠ ልዩነት ይፈጠራል። የተረፈውን ገመድ ለእኩልነት ብላችሁ ከሶፋ ስር ጠቅልላችሁ አታስቀምጡ፣ ቁረጡት።

ጃክና ቀይ ነጭ ገመድ

እዚህ ውፍረት ሳይሆን ሽፋን ነው ብያለሁ። ርካሽ ጃክ ስትቆርጡት ውስጡ ሁለት ክር ሽቦና ዙሪያቸውን የተበታተኑ ጥቂት ክሮች ታገኛላችሁ፣ ያ ነው ሽፋኑ፣ ማለት የለውም። ጥሩው መረብ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ይከበዋል። ሳትቆርጡ እንዴት ታውቃላችሁ፣ ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ጫፉም ሲሰካ ጨብጦ ይይዛል እንጂ እንደ ላላ ጥርስ አይወዛወዝም። ሲወዛወዝ "ክርር" የሚል ገመድ አትግዙ፣ አሁን ትንሽ ክርር ካለ በወሩ አንዱ ጎን ጭራሽ ይጠፋል። ለ1 ወይ 2 ሜትር መካከለኛ ዋጋ ያለው ይበቃል፣ እስከ 5 ሜትርም ችግር የለውም። የወርቅ ቅብ ጥቅሙ አለመዛጉ ነው፣ ድምጹ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፣ ግን ብዙ ጊዜ ዋጋው ላይ ያን ያህል ስለማይጨምር ካገኛችሁ ውሰዱ።

የስልክ ጃክ ላይ ቀለበቶቹን ቁጠሩ። ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ያለው ለሙዚቃ ብቻ ነው፣ ሶስት መስመር ያለው ማይክ ጭምር አለው። ባለ ሶስት መስመሩን አንዳንድ አምፕ ወይ ሚክሰር ላይ ስትሰኩት የሚገርም ነገር ይፈጠራል፣ ዘፋኙ ይጠፋና ሙዚቃው ብቻ እንደ ካራኦኬ ይቀራል። ስልኩም አምፑም አልተበላሸም፣ ግራውንዱ ሳይነካ ስለቀረ የግራና የቀኝ ልዩነት ብቻ ነው የሚሰማችሁ፣ ዘፋኙ ደሞ በሁለቱም ጎን እኩል ስለሆነ ተጣፍቶ ይቀራል። በደንብ ያልገባ ጃክም ይሄንኑ ያደርጋል፣ መጀመሪያ ጠብቅ አድርጉና ሞክሩ። ጃክ ቀዳዳ የሌለው ስልክ ካላችሁ በታይፕ ሲ የሚሰካውን መለወጫ ስትገዙ ዳክ (ዲጂታሉን ድምጽ ወደ ተራ ሲግናል የሚቀይር ቺፕ) ያለው መሆኑን ጠይቁ፣ የሌለው በብዙ ስልክ ላይ አይሰራም።

ሰብዉፈር የራሱ ኮረንቲ ካለው አንድ የተሸፈነ ጃክ ይበቃዋል፣ ግን ሽፋኑ ላይ አትቆጥቡ፣ ጉምጉምታን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሰማው እሱ ስለሆነ።

እና አምፑ እንደበራ ቀይ ነጩን አትንቀሉ አትሰኩ። የዚህ ጃክ አሰራር መሃሉ ቀድሞ ይነካል ግራውንዱ በኋላ ነው፣ በዛች ቅጽበት የሚወጣው "ቧ" ነው ትዊተር የሚበላው።

ቲቪን ከሳውንድ ጋር ለማገናኘት፦ ኤችዲኤምአይ፣ ኦፕቲካል ወይስ ጃክ

መጀመሪያ የቲቪያችሁን ጀርባ እዩ። ብዙ ሰው ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ ቀዳዳ አይቶ ገመድ ገዝቶ ይመጣል፣ ግን አዳዲስ ቲቪዎች ላይ ያሉት እነዚህ ቀዳዳዎች አብዛኞቹ መግቢያ ናቸው፣ ለድሮ ዲቪዲና ለመሳሰሉት የተሰሩ፣ ድምጽ አይወጣባቸውም። "አውት" የሚል ካልተጻፈበት ዝለሉት።

ሳውንድ ባር ወይ አዲስ ሆም ቲያትር ካላችሁ ኤችዲኤምአይ ነው ምርጫው። ከቲቪው ቀዳዳዎች አንዱ አጠገብ "ኤአርሲ" (የቲቪውን ድምጽ ወደ ሳውንዱ የሚመልሰው) ተጽፎበታል፣ እሱ ላይ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ሌላው ላይ ሰክታችሁ "ገመዱ አይሰራም" እንዳትሉ። ከዛ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሲኢሲ የሚባለውን ማብራት ነው፣ ችግሩ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ስም ሰጥቶታል፣ ሳምሰንግ ላይ ኤኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ላይ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ላይ ብራቪያ ሲንክ ነው የሚባለው። ጥቅሙ በአንድ ሪሞት ሁሉንም ማዘዝ ነው፣ ቲቪው ሲጠፋ ሳውንዱም አብሮ ይጠፋል፣ ቮልዩሙን በቲቪ ሪሞት ትቆጣጠራላችሁ። ለዚህ የትኛውም ደህና ኤችዲኤምአይ ይሆናል፣ ኤአርሲ ከ2009 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ኢ-ኤአርሲ የሚባለው አዲሱ ግን ያልተጨመቀ ባለ ብዙ ቻናል ድምጽ ስለሚያሳልፍ ኢተርኔት ያለበት ሃይ ስፒድ ወይም አልትራ ሃይ ስፒድ የሚል ገመድ ይፈልጋል፣ እሱም ሁለቱም እቃ ኢ-ኤአርሲ ካላቸው ብቻ ነው፣ ካልሆነ ባትከፍሉበት ይሻላል። ኤችዲኤምአይ ላይ ውድና ርካሽ የሚለየው ርዝመት ሲጨምር ነው፣ ለ1.5 ሜትር ርካሹም ይሰራል፣ 7 እና 10 ሜትር ላይ ለፎርኬ ምስል ርካሹ መቆራረጥ ይጀምራል። ሲበላሽም ድምጹ ይቆራረጣል ወይ ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ይመጣል እንጂ "ደብዘዝ ያለ ድምጽ" የሚባል የለም።

ኦፕቲካል ደሞ ኤአርሲ ለሌላቸው ነው፣ እኔ በጣም የምወደው ገመድ ግን እሱ ነው። ቶሺባ በ1983 ያወጣው ነው፣ ድሮ ነው ግን እስካሁን አልሞተም። በብርሃን ነው የሚሰራው፣ ቲቪው በርቶ ጫፉን ብታዩት ቀይ ብርሃን አለ፣ ብርሃን ስለሆነ ደሞ ኮረንቲ ከአንዱ እቃ ወደ ሌላው አይሻገርም፣ ጉምጉምታ የሚባለው ነገር በሱ በኩል መምጣት አይችልም። የማይችለው ነገር አለ፣ ስቴሪዮ ወይም የተጨመቀ 5.1 (ባለ ስድስት ቻናል) ነው የሚያሳልፈው፣ አትሞስ (ድምጹ ከላይም እንዲመጣ የሚያደርገው የዶልቢ አሰራር) አይሞከርም፣ ቮልዩሙንም ብዙ ጊዜ በሳውንዱ ሪሞት ነው የምትቆጣጠሩት። ለዲሽና ለዩቲዩብ ግን በቂ ነው። ስትሰኩት ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽዬ ግልጽ ፕላስቲክ ክዳን አውልቁ፣ እሷን ሳያወልቁ እየገፉ ቀዳዳውን የሚሰብሩ አሉ። በጣም አታጣጥፉት፣ ከፈርኒቸር ጀርባ ሲጨፈለቅ ይሰበራል።

አሮጌ ጥሩ አምፕ ያላችሁ ሰዎች፣ ከድሮ ጀምሮ የቆየ ቴፕ ወይ ዴክ፣ አትሽጡት። ኦፕቲካሉን ወደ ቀይ ነጭ የሚቀይር የክብሪት ሳጥን የምታህል እቃ አለች፣ እሷን መሃል ላይ ማስገባት ነው። ግን ከሰካችሁ በኋላ ድምጽ ካልመጣ ወይ "ሽሽሽ" ብቻ ካለ የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ የዲጂታል ድምጽ አወጣጡን ፒሲኤም (ያልተጨመቀው) ላይ አድርጉት፣ እነዚህ ትናንሽ እቃዎች የተጨመቀውን መፍታት አይችሉም። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንቱ ደህና እቃ ተበላሽቷል ተብሎ ይመለሳል።

የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ሶስተኛ ነው። ይሰራል፣ ርካሽ ነው፣ ቮልዩሙም በቲቪ ሪሞት ይሄዳል፣ አንዳንድ ቲቪ ላይ ግን ትንሽ ሹክታ አለው። ብሉቱዝ ለሙዚቃ ምቹ ነው፣ ለፊልምና ለኳስ ግን ከንፈርና ድምጽ ይለያያል፣ አንዳንዱ ቲቪ ማስተካከያ አለው አንዳንዱ የለውም።

ጉምጉምታ ካለ ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት

"እምምም" የሚል ድምጽ ሲሰሙ ሰዎች የሚያደርጉት የመጀመሪያ ነገር ውድ ጃክ መግዛት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ያ ድምጽ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው (አሜሪካ ላላችሁ 60)፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደሞ ሁለት እቃዎች በተለያየ መንገድ ከመሬት (ከኧርዝ) ጋር ሲያያዙ ነው። አንድ በአንድ ንቀሉና ለዩት። ከጣሪያ የሚመጣውን የዲሽ ገመድ ከሪሲቨሩ ስትነቅሉ ድምጹ ከጠፋ ጥፋተኛው እሱ ነው፣ ሪሲቨሩን በኤችዲኤምአይ ወደ ቲቪ፣ ከቲቪ ወደ አምፕ በኦፕቲካል አድርጉት፣ ያበቃል። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ ከጮኸ ከቻርጀሩ ነው፣ ነቅላችሁ አዳምጡ ወይ መሃል ላይ የሚገባ ግራውንድ መለያ የምትባል ትንሽ ትራንስፎርመር ያለባት እቃ አለች፣ እሷን አድርጉ።

የአምፑን ቆርቆሮ ስትነኩት የሚነዝራችሁ ከሆነ ደሞ ብዙ ጊዜ ቤታችሁ ኧርዝ ስለሌለው ነው። እኛ ሀገር ብዙ ቤት ሶኬቱ የኧርዝ ብረት አለው፣ ከጀርባው ግን ሽቦው አልተያያዘም። ይሄንን ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ማሰራት ከየትኛውም የኮረንቲ ገመድ ይበልጣል፣ ለድምጹም ለሕይወታችሁም። ተቃራኒውን፣ ጉምጉምታ ለማጥፋት ብሎ የኧርዙን እግር መቁረጥ ወይ ኧርዝ በሌለው ዲቫይደር መሰካት፣ ድምጹ ቢጠፋም አታድርጉት፣ እቃው ውስጥ የሆነ ነገር ቢነካካ ኮረንቲው የሚሄደው በእናንተ በኩል ነው።

"ኦዲዮፋይል" የሚባል የኮረንቲ ገመድ ላይ አንድ ብር አታውጡ። ከመብራት ኃይል ቆጣሪ እስከ ሶኬታችሁ ያለውን ሽቦ ሳትቀይሩ የመጨረሻዋን አንድ ሜትር ብትቀይሩ ምን ይለወጣል? ያንን ብር ስታብላይዘር ግዙበት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፑን የሚያተርፈው እሱ ነው። የስፒከርና የጃክ ገመዶችን ከኮረንቲው ገመድ ራቅ አድርጋችሁ ዘርጓቸው፣ መገናኘት ግድ ከሆነ ጎን ለጎን ሳይሆን መስቀለኛ ሆነው ይለፉ።

ከውጭ ይምጣልኝ ለምትሉ

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ የስፒከር ገመድ አታሸክሙት፣ ክብደት ነው፣ እዚህ በሜትር ይገኛል። ግድ ከሆነ ግን እዛ የሚሸጠው በጌጅ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚወፍረው፣ 16 ጌጅ ወደ 1.3 ካሬ ሚሊ፣ 14 ጌጅ ወደ 2.1፣ 12 ጌጅ ወደ 3.3 ነው። ሊመጣ የሚገባው ረጅም ኤችዲኤምአይ፣ አልትራ ሃይ ስፒድ የሚል ማረጋገጫ ተለጥፎበት በስልክ ስካን የሚደረግ ኮድ ያለው፣ እና ደህና የታይፕ ሲ ዳክ ነው፣ ሁለቱም ሻንጣ ውስጥ ብዙ ቦታ አይይዙም፣ እዚህ ደሞ የውሸቱ ብዙ ነው። አምፑን ራሱ የምታስመጡ ከሆነ ግን ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እዚህ ሶኬት ላይ ስትሰኩት አለቀለት፣ ከመግዛቱ በፊት የጀርባውን ፎቶ አስልኩ።

ለመግዛት ስትወጡ ርቀቱን በአይን አትገምቱ፣ በግድግዳው ጥግ፣ በበሩ ዙሪያ ገመዱ በሚሄድበት መንገድ በሲባጎ ለኩና ለእያንዳንዱ ስፒከር አንድ ሜትር ጨምሩ። መርካቶ ከሄዳችሁ ምላጯን ኪሳችሁ ያዙ፣ ባለሱቁ ጫፉን ላጥ አድርጎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ እምቢ ካለ አጠገቡ ያለው ሱቅ ያሳያችኋል። ጥቅልሉ ላይ 2.5 ተብሎ መጻፉም ብቻውን አይበቃም፣ ፕላስቲኩ ወፍሮ ውስጡ ሁለት ጭረት ሽቦ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ባለ 2.5 የመብራት ሽቦ ቁራጭ ከቤት ይዛችሁ ሂዱና መዳቡን ከመዳቡ ጎን አስጠግታችሁ እዩት።